ምስክሩ ሳይሰማ

ገላን፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፎ፣
ከአሮጌ ኮንቴይነር ደጃፍ፣ በብሩሽ ተጽፎ
«ጅግሳ ጋራዥ» ይል ነበር፤ ክረምቱ አልፎ አልፎ
«ዥ»ዋን አጥቧት ሄዶ፣ «ጅግሳ ጋራ» ብቻ ተርፏል።

ዳሽቦርዴ ላይ ቢጫዋ መብራት ከበራች ሦስት ወር ሆናት።
አንዱ፣ «አምፖሏን ንቀላትና ተገላገላት» አለኝ።
ሌላው ሶማሌ ተራ ደውሎ ዋጋ ጠየቀልኝ፦
«ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፤ ቀይረው።
ዘጠኝ ሺህ ነው፤ ላንተ ስምንት ተኩል ነው የምጨርሰው።»
ሞቷል ያለኝ ሰው ግን በእጁ አልነካውም፤
ኮፈኑን እንኳ አልከፈተውም።

ጅግሳ እጁን በሰጋቱራ እያሸ ሰማኝና፦
«ሞቷል? እሺ፣ ማን ገነዘው?
የልብ ትርታውን የትኛው እጅ ያዘው?
አስነሳት። ቀዝቃዛ ምስክር ቃል አይሰጥም፤
ሳይግል አይናገርም።»

አስር ደቂቃ ቆምን። የሞጆ ተሳቢዎች
አቧራ አልብሰውን አለፉ።
ዘጠና ሰባት ሞዴሏ ኮሮላዬ
እንደ አስም በሽተኛ ታስላለች፣ እያረፈች።
ኩመራ፣ ተለማማጁ፣ ከኮሌታው ስር
መርፌ መዘዘ፤ የልብስ መርፌ፣ ክሩ ሳይቀር።
ጅግሳ በሶኬቱ ጀርባ፣ በጥቁሯ ሽቦ ጎን አሾለካት፤
የቴስተሩን ቀይ ጫፍ አስነካት።

«ከጭስ ቱቦው አንገት ነው መቀመጫው፤ አውራ ጣት ያክላል፣
ቤቱ እሳት ነው። የተቃጠለውን ያሸታል፤
ቤንዚን ሲበዛ ወደ አንድ ቮልት ይወጣል፣
አየር ሲበዛ ወደ ዜሮ ይወርዳል።
ጤነኛ ከሆነ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ይዋዥቃል።»

ቁጥሩን አየሁት። ዜሮ ነጥብ አንድ።
ዜሮ ነጥብ አንድ።
ዜሮ ነጥብ አንድ።
«በቃ፣ ሞቷል» አልኩ፤ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ
በሆዴ ከስምንት ተኩሉ ላይ እየቀነስኩ።

«ዳኛ አይቸኩልም፤ ምስክር አልተሰማም ገና።»
የላይተር ጋዝ አንስቶ ጠጋ አለና
ለአየር መሳቢያው አፍ ትንሽ ፉት አደረገለት።
ዜሮ ነጥብ ስምንት!
ኩመራ ሳቀ።
ጋዙ ሲቋረጥ ቁጥሩ ወደቀ፤
ሲሰጠው ደግሞ ብድግ።

«ይኸው፣ ሕያው ነው። አየር በዛ፣ አየር በዛ ነው የሚለው፤
ሦስት ወር እውነት ሲናገር ከርሞ፣ ሞት ፈረዳችሁበት፣ ይኸው!
እሱ ካልዋሸ፣
አየሩ በየት ሾልኮ ገባ፣ ማን ጋ አመሸ?»

ክንድ የሚያህል የውሃ ጎማ ቆረጠ፤ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ደግፎ
ሌላውን በሞተሩ ዙሪያ አዞረ፣ በእርጋታ፣
እንደ ሐኪም፣ ወይም የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ሰው።
ከመኒፎልዱ ጀርባ ቆመ። «ና፣ ስማ።»
ስስስ... የተኛ ሕፃን ትንፋሽ።
ከደረቀች ቀጭን ጎማ በታችኛዋ ገጽ፣
ጥፍር የማትሞላ ስንጥቅ።

አንድ ስንዝር ጎማ፣ ሁለት ማሰሪያ። ሦስት መቶ ብር።
ቁጥሩም ጀመረ መናገር፦
ሁለት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ ስምንት፣ ሁለት፣
እንደ ሁለት ባላገር ሙግት።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ስነዳ ነው ወዳጆ ትዝ ያለኝ፣
የመጋዘናችን ጠባቂ። በየማለዳው ቢሮዬ እየመጣ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣
«ጌታዬ፣ በጀርባው በር ሲሚንቶ ይወጣል» ሲል፣
ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ፣
«አርጅቷል፤ ይቀየር» ብዬ ፈረምኩ።
አላስነሳሁትም። አላሞቅሁትም።
የጀርባውን በር ሄጄ አላየሁትም።

ቤቱ የት እንደሆነ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።
ቢጫዋ መብራት ጠፍታለች፤
በጠፋችበት ቦታ ላይ ግን
ዓይኔ ደጋግሞ ያርፋል።